ታኮ

ከታይዋን ገበያ፣ ከራዲዮ ሬሳ፣ ከሽቦ ክምር ሥር፣
አንድ ጎማው ወልቆ፣ ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ተኝቶ ነበር።
"ስንት ነው?" አልኳት ዘምዘምን። "ይኼ ቆሻሻ?" ብላ ሳቀች፤
ሁለት የሞቱ ሪሞቶች መርቃ በሃምሳ ብር ሸጠች።

የጃፓን ልጅ ነው። ከሆዱ ሥር ቁጥር አለ፣ የተፋቀ፤
ዕድሜው የእኔን ያህላል፤ እንደ እኔው ጥርሱ ያለቀ።
ሚስቴ አየችው፤ ዝም አለች፤ የጥፍር ቀለሟን ደበቀች፤
ምን እንደሚከተል ገና ከጎማው አወቀች።

ቀን ቀን የምጠግነው የሰው መኪና ነው፣ የስፌት፣ ከዚራ፣ ከጣቢያው አጠገብ፤
ማታ ግን የራሴን፣ በረንዳ ላይ፣ ላቤ በሽቦው ላይ ጠብ ጠብ።
ከሞተ ቴፕ ሞተር፣
ከጃንጥላ ዘንግ አንቴና፣
የኒዶ ጣሳ ቀድጄ ጋቢና፣
የነጠላ ጫማ ሶል ከርክሜ ስድስት ጎማ፤
"መብራቱን አጥፋው አቦ!" ስትል ሚስቴ፣ ጆሮዬ እንዳልሰማ።
ጥርሱን ከማበጠሪያ ቆረጥኩት፤ ሦስቴ ተሰበረ፤
በአራተኛው ዞረ።
የድሬ ፀሐይ ሙጫ አታከብርም፤
ጠዋት ያጣበቅሁት ለቀትር አይደርስም።

ጃፓን ሲፈጥረው ፒካፕ ነው፤ እኔ ኤንትሬ አደረግሁት፤
ለምን እንደሆን አትጠይቁኝ። አፍንጫውን ደፍጥጬ ነው ያቃናሁት።
ለፍሬቻው የጥፍር ቀለም
(አገኘሁት የደበቀችበት)፣
ለጭነቱ ሸራ የዱቄት ከረጢት።

ጋሽ ቡሽራ ጎረቤቴ ነው፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሹፌር፣
ድሬ፣ ሐረር፣ ጅጅጋ፣ ደንገጎን በጭነት ሲዞር።
አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ በጣቱ ነው የሚያየው፤
መኪናዬን ጭኑ ላይ አኑሮ ቀስ ብሎ ዳበሰው።
"መሪው በየት ነው?" አለኝ። "በግራ።"
"ኤንትሬ በግራ? አቦ ተወኝ! መጀመሪያ ሰው አማክረህ ሥራ።"

ፈታሁት። አንድ ሳምንት። መሪው ወደ ቀኝ ተሻገረ፤
ደግሞ መጣ፤ ግንባሩን ዳበሰ፤ "እዚህ ላይ ጽሑፍ ነበረ።"
"ምን የሚል?"
"ደርሰን እንይ።"
በሦስት ፀጉር ብሩሽ ጻፍኩት፤
የ"እ" አንገት ተጣመመ። ተውኩት።

ሪሞቱን በተጫንኩ ቁጥር የእሱ ሬዲዮ ይንጫጫል፤
ዜናው መሀል ላይ ይቆረጥና እንደ በቆሎ ይፈነዳል፤
"ይኼ መኪናህ" ይለኛል፣ "ከመንግሥት ጋር ይጣላል።"

ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ ወረድን። ደቻቱ ሲደርቅ ሜዳ ነው፤
ኳስ አለ፣ ፍየል አለ፤ ፍየሏ የያዘችው ፌስታል ነው።
የአሸዋ ቁልል ፈልገን "ደንገጎ" አልነው፤
በሾርባ ማንኪያ ሦስት ጥምዝ ከጎኑ ቆረጥነው።
"ጭነቱስ?" አለ ጋሽ ቡሽራ። ባዶ አይነዳም እሱ።
ግማሽ ኪሎ ጨው ጫንኩለት፤ ባሌስትራው ጎበጠ፣ ተጨነቀች ነፍሱ።

ሪሞቱን ሰጠሁት። አውራ ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤
አንደኛው ጥምዝ አለፈ። ሁለተኛው ላይ አማጠ።
"ረዳቱስ?" አለኝ በድንገት።
"የምን ረዳት?"
"ደንገጎን ያለ ረዳት? ማን ነው ታኮ የሚያስገባለት?"

የእሱ ኢብሮ ይባል ነበር። በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ፣
መኪናው ሊንሸራተት ሲል ታኮውን ይዞ የሚወርድ።
"አንድ ቀን፣ ሰባተኛው ጥምዝ ላይ፣ ኢብሮ..." አለና ዝም አለ፤
ፍየሏ ፌስታሏን ጣለች። ኳሱ ወደ እኛ ተንከባለለ።
መልሼ መታሁት። አልቀጠለም። እኔም አልጠየቅሁ።
ከኪሴ እርሳስ አወጣሁ፣ ጫፉን በቢላ ሰነጠቅሁ፤
የጥፍር ያህል ታኮ።
"ንዳ" አልኩት፣ "አለሁ ከኋላ።"

ጨው የጫነው ኤንትሬ ተነሣ፣ እያለከለከ፤
አርባ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው፣ ባለ ትዳር፣ አሸዋ ላይ ተንበረከከ።
ሲቆም ታኮ። ሲነሣ ነቅዬ ዳዴ። ደግሞ ታኮ።
ልጆቹ ኳሱን ትተው ከበቡን፤ አንዱ ብቻ ሳቀ፤
ጨው ከሸራው ሥር ፈሰሰ፣ ካሸዋው ተደባለቀ።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ባትሪው ሞተ። ጋሽ ቡሽራ ግን አላወቀም፤
አውራ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አላነሣም፣ አለቀቀም።
"ኢብሮ" ይላል፣ "ያዝክ?"
"ያዝኩ።"